የትኛው ጥግ? በስንት ሰዓት?

የሰፈር ጸጥታ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው አካሄዱን አይስተውም። ሰብሳቢው አጀንዳውን ያነባል። የመጀመሪያው ተናጋሪ ይነሳና «ሰፈራችን ተበላሽቷል» ይላል። ሁለተኛዋ «ማታ ማታ መውጣት አልቻልንም» ትላለች። ሦስተኛው «ወጣቱ አልታረም ብሏል፣ ፖሊስ ይጨመርልን» ይላል። ይጨበጨባል። የፖሊስ ተወካዩ የሰው ኃይል እጥረት እንዳለባቸው ያስረዳል። የምክር ቤቱ ተመራጭ «አስተያየታችሁን ተቀብለናል» ብሎ ያመሰግናል። ሰዓቱ ይሞላና ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። በሚቀጥለው ስብሰባም ያው ነው። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ።

እዚያ የሚነገረው ብሶት እውነተኛ ነው። ስልኩን በቅርቡ የተነጠቀ ሰው ቢጮህ አይፈረድበትም። ልጇ አምስት ደቂቃ ስትዘገይ ልቧ የሚመታ እናትም የተጋነነ ነገር አልተናገረችም። ግን «ሰፈራችን ተበላሽቷል» የሚለውን ይዞ ቢሮው የተመለሰ ሠራተኛ ምን ብሎ ትእዛዝ ይጽፋል? ለየትኛው ክፍል? ምን ይሠራ ብሎ? አያውቅም። ስለዚህ ወረቀቱን ፋይል ውስጥ ያስገባዋል።

እኔ እንደማምነው አንድ ጥያቄ ይህን ስብሰባ መልክ ያስይዘዋል። «ማን ነው ያጠፋው?» የሚለውን ለጊዜው እናቆየውና «የት ነው? በስንት ሰዓት?» ብለን እንጀምር። ቀላል ይመስላል። ግን ብዙ ነገር ይቀይራል።

መነሻዬን ልንገራችሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1989 ሎረንስ ሸርማን የተባለ የወንጀል ጥናት ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አንድ ጥናት አወጣ። በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ በአንድ ዓመት ውስጥ ለፖሊስ የተደወሉ ስልኮችን አንድ በአንድ በአድራሻ ለይተው ነበር። ጥሪዎቹ ከ320 ሺህ በላይ ናቸው። ግማሽ ያህሉ የመጡት ታዲያ ከከተማዋ አድራሻዎች 3 በመቶ ገደማ ከሚሆኑት ብቻ ነው። ከመቶ ቦታ ሦስቱ ግማሹን ችግር ተሸክመውታል ማለት ነው።

ይህን ቁጥር በመጀመሪያ ሳነበው ቆም ብዬ አሰብኩ። «አደገኛ ሰፈር» እያልን የምንጠራው ቦታ እንኳ አብዛኛው ቤቱና አብዛኛው መንገዱ ሰላም ነው ማለት ነው። ችግሩ የተጠራቀመው በአንድ መታጠፊያ፣ በአንድ ጨለማ መተላለፊያ፣ ባለቤቱ በተወው አንድ ቤት ነው። ሰፈሩን በሙሉ «ተበላሸ» ስንል ያችን ጥግ እንደብቃታለን። ፖሊስ ቢጨመር እንኳ የተጨመረው ፖሊስ የት ይቁም?

አንዳንዱ «ከዚህ ብናባርረው ወደ ሚቀጥለው ሰፈር ነው የሚሄደው» ይላል። ተገቢ ስጋት ነው። በአሜሪካዋ ጀርዚ ሲቲ ከተማ ይህንኑ ለመፈተሽ ዴቪድ ዋይዝበርድና ባልደረቦቹ በ2006 ያሳተሙት ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ፖሊስ ያተኮረባቸው ቦታዎች ሲሻሻሉ ወንጀሉ ወደ አጠገባቸው አልተሻገረም። እንዲያውም አጠገባቸው ያሉት ቦታዎች አብረው ተሻሻሉ። ሌባም ቢሆን መውጫ መግቢያውን የሚያውቀውን ቦታ ትቶ ወደማያውቀው መሄድ ይከብደዋል።

አሁን ወደምወደው ታሪክ ልሂድ። በሰሜን እንግሊዝ፣ ሮችዴል ከተማ ውስጥ ከርክሆልት የሚባል የመኖሪያ መንደር አለ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ቤት ሰብሮ መስረቅ እዚያ በጣም በዝቶ ነበር። እንደተለመደው ቢሆን ኖሮ «ፖሊስ ይጨመር» ተብሎ ባለቀ። ጉዳዩን የያዙት አጥኚዎች ግን መጠየቅ ጀመሩ። የተሰረቁትን ሰዎች ጠየቁ። ጎረቤቶቻቸውን ጠየቁ። የተያዙ ቤት ሰባሪዎችን ሳይቀር «ለምን ይህን ቤት መረጥህ?» ብለው ጠየቁ።

ሁለት ነገር ወጣ። አንደኛው፣ ብዙ ቤቶች ውስጥ ሳንቲም እየተጨመረበት የሚሠራ የጋዝና የመብራት ቆጣሪ ነበር። በሌላ አነጋገር ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ የገንዘብ ሣጥን ነው። ሌባው ምን እንደሚያገኝና የት እንደሚያገኘው ሳይገባ በፊት ያውቃል። ሁለተኛው፣ አንዴ የተሰበረ ቤት እንደገና የመሰበር ዕድሉ ካልተሰበረው በጣም ይበልጥ ነበር። ሌባው ተመልሶ ይመጣል። መንገዱን ለምዶታል፣ የተተካውን ዕቃም ያውቃል።

መፍትሔው ከዚሁ ተወለደ። ቆጣሪዎቹ ጥሬ ገንዘብ በማይዙ ተቀየሩ። የተሰረቀው ሰው ቤት መቆለፊያና መስኮቱ ወዲያው እንዲጠናከር ተደረገ። ከዚያም በተሰረቀው ቤት ዙሪያ ያሉ ስድስት ገደማ ቤቶች ተጠየቁ፤ «ይህን ቤት ለጥቂት ጊዜ በዓይናችሁ ጠብቁልን፣ ያልተለመደ ነገር ካያችሁ ንገሩን» ተባሉ። ሰፈሩ በሙሉ ዘብ እንዲቆም አልተጠየቀም። ስድስት ቤት ብቻ። ይህም ችግሩ ተመልሶ ሊመጣ በሚችልበት ቦታና ጊዜ ላይ። የቤት ሰበራው ከግማሽ በላይ ቀነሰ።

ከርክሆልትን ደጋግሜ የማስበው ለዚህ ነው። ቆጣሪውን ማን ይቀይራል? ፖሊስ አይደለም። ቤቶቹን የሚያስተዳድረውና መብራትና ጋዝ የሚያቀርበው ነው። ትልቁ የጸጥታ እርምጃ የተወሰደው በፖሊስ ጣቢያ ውስጥ አልነበረም። በ1998 የወጣው የብሪታንያ የወንጀልና ሥርዓት ጥሰት ሕግ፣ አንቀጽ 17፣ በእንግሊዝና በዌልስ ያሉ የአካባቢ ምክር ቤቶች ማንኛውንም ሥራቸውን ሲሠሩ ወንጀልን መከላከልን እንዲያስቡበት ግዴታ ጥሏል። መንገድ ሲጠግኑም፣ መናፈሻ ሲያቅዱም፣ ቤት ሲያከራዩም። ስለዚህ የጸጥታ ስብሰባ ሲጠራ ከመድረኩ የፖሊስ ተወካይ ብቻ ከተቀመጠ አንድ ነገር ጎድሏል። የመብራት ክፍሉ የታለ? የመንገዱስ? የቤቶቹስ?

መብራትን እንውሰድ። በ2016 በኒው ዮርክ በሕዝብ መኖሪያ ግቢዎች ላይ ሙከራ ተደረገ። ወደ 80 ከሚጠጉ ግቢዎች መካከል ግማሽ ያህሉ በዕጣ ተመርጠው ተጨማሪ ጠንካራ መብራት ተተከለላቸው። የቀሩት እንደነበሩ ቆዩ። በዕጣ መሆኑ ጥሩ ነው፤ «መብራት የገባው መጀመሪያውንም የተሻለው ቦታ ላይ ነው» የሚለውን ክርክር ይዘጋል። ውጤቱ ሲለካ ማታ ከቤት ውጭ የሚፈጸሙ ከባድ ወንጀሎች በ36 በመቶ ገደማ ቀንሰው ተገኙ።

ባዶ ቦታም እንዲሁ ነው። ፊላደልፊያ ውስጥ 541 ባዶ ቦታዎች ላይ የተደረገ ሙከራ በ2018 ታትሟል። የተሠራው ሥራ ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ቆሻሻ ተነሳ፣ መሬቱ ተደለደለ፣ ሣር ተዘራ፣ ጥቂት ዛፍ ተተከለ፣ ዝቅ ያለ የእንጨት አጥር ተደረገ። አጥሩ ሰው አይከለክልም፤ «ይህ ቦታ ባለቤት አለው» ብቻ ነው የሚለው። በድሃ ሰፈሮች ውስጥ በእነዚህ ቦታዎች አካባቢ የጦር መሣሪያ ጥቃት በ29 በመቶ ቀነሰ። ቁጥቋጦው ውስጥ መሣሪያ መደበቅ አልተቻለማ። ደግሞም ሰዎች ወጥተው መቀመጥ ጀመሩ። ሰው የተቀመጠበት ቦታ ብዙ ነገር አይደረግበትም።

ካሜራስ? በየስብሰባው ይነሳልና አልዘለውም። የአርባ ዓመት ጥናቶችን አንድ ላይ ያየው የ2019 ግምገማ ካሜራ ወንጀልን በ13 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አግኝቷል። በደንብ የሚሠራው ግን በመኪና ማቆሚያ ቦታ ነው። ድብድብና የኃይል ጥቃት ላይ ያን ያህል ለውጥ አላሳየም። እንግዲህ ሰፈሩን የሚያስጨንቀው የማታ ድብደባ ከሆነ ካሜራ ጠይቆ መሄድ ያሳዝናል። መጀመሪያ ችግሩ፣ ከዚያ መሣሪያው።

ደግሞ «ጸጥታ» ስንል ሌባን ብቻ ማሰባችን ይቆጨኛል። በብዙ ሰፈር ልጅን የሚገድለው ሌባ ሳይሆን መኪና ነው። የፊንላንድ ዋና ከተማ ሄልሲንኪ እስከ 2025 ሐምሌ ባለው አንድ ሙሉ ዓመት ውስጥ በትራፊክ አደጋ አንድም ሰው ሳይሞትባት አሳልፋለች። ከመንገዶቿ ከግማሽ በላይ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ አይነዳባቸውም። ይህ በአንድ ሌሊት የመጣ አይደለም፤ የዓመታት ሥራ ነው። የእግረኛ ማቋረጫ፣ የጠበበ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ የሕዝብ ትራንስፖርት። እነዚህ ሁሉ በሰፈር ስብሰባ ሊጠየቁ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። ግን «የትኛው ማቋረጫ? በየትኛው ሰዓት?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ያለው አሥራ አምስት ደቂቃ ከቀኑ ሁሉ ይበልጣል።

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ አንድ ነገር ታሳቢ ያደርጋል፤ ጥጉን የሚያውቀው ሰው ስብሰባው ውስጥ አለ ብሎ። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ጉድለት።

በማሳቹሴትስ ግዛት 97 ከተሞች ውስጥ የተካሄዱ የሕዝብ ስብሰባዎችን ቃለ ጉባኤ የመረመሩ ተመራማሪዎች አሉ። ጉዳዩ የቤት ግንባታ ነበር፣ ግን ያገኙት ነገር ለማንኛውም የአካባቢ ስብሰባ ይሠራል። ተነስተው የሚናገሩት ከጠቅላላው ነዋሪ ጋር ሲነጻጸሩ በዕድሜ የገፉ፣ ወንዶች የሚበዙባቸው፣ የራሳቸው ቤት ያላቸውና በቦታው ብዙ የቆዩ ሰዎች ነበሩ። ከተናጋሪዎቹ አዲስ ቤት መሠራቱን የደገፉት 15 በመቶ ብቻ ናቸው። እንግዲህ ምክር ቤቱ «ሕዝቡ እንዲህ አለ» ብሎ ሲጽፍ የትኛው ሕዝብ ነው?

ቺካጎ ይህን በትልቁ ኖራበታለች። ከ1993 ጀምሮ ከተማዋ ፖሊስና ነዋሪ በየቀጠናው በየጊዜው የሚገናኙበት አሠራር ዘረጋች። አሠራሩ በብዙ መንገድ ጥሩ ነበር፤ ፖሊሱ ስለ ቆሻሻና ስለ ተጣለ መኪና የሚቀርብ አቤቱታን እንኳ ለሚመለከተው ክፍል ያደርስ ነበር። ዌስሊ ስኮጋን የተባሉት ምሁር ግን ለዓመታት ተከታትለው እንዳሳዩት ከላቲን አሜሪካ የመጡ ነዋሪዎች በስብሰባዎቹ ውስጥ በቁጥራቸው ልክ አይታዩም ነበር። ከፕሮግራሙም ያገኙት ጥቅም ያነሰ ሆነ። ያልተገኘ ሰው ችግሩም አይገኝም።

ለምን አይመጡም? ምክንያቱ ስንፍና አይመስለኝም። ስብሰባው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከተጠራ የማታ ፈረቃ የምትሠራዋ አትመጣም። ሕፃን ያላት ልጇን ለማን ትታ ትምጣ? ተከራዩ ስሙ ሲነሳ አከራዩ እንዳይቀየመው ይፈራል። ቋንቋውን አጥርቶ የማይናገረው ይሳቀቃል። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ የወጣቶቹ ነገር ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ እነሱ ይወራል። ጥግ ላይ ይቆማሉ፣ ይጮኻሉ፣ ያስፈራሉ ይባላል። አንዳቸውም ግን ክፍሉ ውስጥ የሉም። ብንጠይቃቸው «ሌላ የምንቀመጥበት ቦታ የለንም» ሊሉን ይችላሉ። ወይም «እኛም ያንን ጨለማ መንገድ እንፈራዋለን» ሊሉን ይችላሉ። የሰፈሩን ማታ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ ማን አለ?

እዚህ ላይ «ማን?» የሚለው ጥያቄ አደገኛ የሚሆንበትንም ልናገር። በስልክ ግሩፕ ውስጥ «አንድ የማናውቀው ልጅ ሰፈር ውስጥ እየዞረ ነው፣ ተጠንቀቁ» የሚል መልእክት ይለቀቃል። ፎቶ ይከተላል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያ ልጅ ሌባ ሆኖ ያድራል። ምናልባት ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ ነው። ምናልባት ዕቃ ሊያደርስ ነው። በዚህ መንገድ የተደበደበ ንጹሕ ሰው ካለ የሰፈሩ ጸጥታ ራሱ በደለው ማለት ነው። «የት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ማንንም አይከስም። የተሰበረውን አጥር ያመለክታል፣ ይጠገናል፣ በቃ። ወንጀል የሠራን ሰው መለየትና መያዝ የፖሊስና የፍርድ ቤት ሥራ ነው። በስብሰባ ላይ እጅ በማውጣት አይወሰንም።

ስለ ምክር ቤት አሠራር ጥቂት ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚበሳጨው አሠራሩን ካለማወቅ ነው። ለምሳሌ በካሊፎርኒያ በ1953 የወጣው የግልጽ ስብሰባ ሕግ መደበኛ ስብሰባ ከመጀመሩ 72 ሰዓት በፊት አጀንዳው ለሕዝብ እንዲለጠፍ ያዛል። አጀንዳው ላይ በሌለ ጉዳይ ምክር ቤቱ እዚያው ውሳኔ መስጠት አይችልም። ዓላማው ጥሩ ነው፤ ሕዝብ ሳያውቀው ነገር እንዳይወሰን ነው። ግን ተነስቶ የተናገረው ነዋሪ መልስ ሲያጣ «ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ» ብሎ ይሄዳል። በብዙ አገርም ይብዛም ይነስም እንዲህ ያለ ደንብ አለ። ስለዚህ ትግሉ የሚጀመረው ከስብሰባው በፊት ነው። ጉዳዩን በጽሑፍ አስገብቶ አጀንዳ ማስያዝ። በጀት ከጸደቀ በኋላ መብራት መጠየቅና በጀት ሲዘጋጅ መጠየቅም አንድ አይደለም። የበጀቱን ወር ማወቅ ያስፈልጋል።

ጽሑፉስ ምን ይመስላል? እንበል አንዲት ሴት ተነስታ እንዲህ ትላለች፦ «ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው መተላለፊያ ሁለት የመብራት ፖሎች አይሠሩም። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ እዚያ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ሰው ተነጥቋል። የሦስቱንም ቀን ጽፌዋለሁ። መብራቱ እንዲጠገንና የበቀለው ቁጥቋጦ እንዲቆረጥ እጠይቃለሁ። የማን ሥራ እንደሆነና መቼ እንደሚሠራ ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍልኝ።» ከአንድ ደቂቃ በታች ነው የወሰደባት። ይህን ሰምቶ «ተቀብለናል» ብቻ ማለት ለተመራጩም ይከብደዋል። ቦታ አለው፣ ሰዓት አለው፣ ሥራ አለው፣ ኃላፊ ይጠይቃል፣ ቀን ይጠይቃል። ጎረቤቶቿ ተስማምተው ይህንኑ ከደገፉ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል።

የተመራጩም ድርሻ አለ። ነዋሪው ሁሉ እንዲህ አደራጅቶ እንዲናገር መጠበቅ አይገባም። የተነጠቀው ሰው ሲንቀጠቀጥ እየተናገረ «በቁጥር አስረዳ» ማለት ግፍ ነው። ጥሩ ሰብሳቢ እሱን በጥሞና ሰምቶ «የት ነበር? ስንት ሰዓት ገደማ?» ብሎ በእርጋታ ይጠይቃል። ግድግዳው ላይ የሰፈሩን ካርታ ይሰቅላል። የሚናገረው ሁሉ ጣቱን ያሳርፍበታል። ስብሰባው ሲያልቅ የትኛው ጥግ ላይ ብዙ ጣት እንዳረፈ ሁሉም ያያል። ለመናገር የሚያፍረውም ነጥብ አድርጎ መሄድ ይችላል።

ሌላም ነገር አለ፣ ከመብራትም ከአጥርም የጠለቀ። በ1997 ሮበርት ሳምፕሰን የተባለ ምሁርና ሁለት ባልደረቦቹ በ343 የቺካጎ አካባቢዎች 8,782 ነዋሪዎችን ጠይቀው ጥናት አሳተሙ። ከጥያቄዎቹ መካከል እነዚህ ነበሩ፦ ልጆች ከትምህርት ቀርተው ጥግ ላይ ቢቆሙ ጎረቤቶችህ ነገሩ ውስጥ ይገባሉ? ከቤትህ ፊት ለፊት ድብድብ ቢነሳስ? ለሰፈራችሁ ቅርብ የሆነው የእሳት አደጋ ጣቢያ በበጀት እጥረት ሊዘጋ ቢሆን ተነስተው ይከራከራሉ? ድህነትና ሌሎች ነገሮች ከግምት ገብተው እንኳ፣ «አዎ፣ ጎረቤቶቼ ይነሳሉ» የሚሉ ሰዎች በበዙበት ሰፈር የኃይል ጥቃት ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። የእሳት አደጋ ጣቢያው ጥያቄ ልቤን ነካው። ስለ ሌባ አይጠይቅም። «አብራችሁ ለአንድ ነገር ትቆማላችሁ ወይ?» ነው የሚለው።

ይህ እምነት ደግሞ በንግግር አይመጣም። ጠይቀው ሲያገኙ ነው የሚመጣው። ሁለት ፖል መብራት አብረው ያስጠገኑ ጎረቤቶች ስም ለስም ይተዋወቃሉ። በሚቀጥለው ጊዜ አንዱ ሲጮህ ሌላው በሩን ይከፍታል። የማይፈጸም ቃል እየተሰጠ የሚበተን ስብሰባ በተቃራኒው ያንን እምነት ይበላዋል። ሰው «ምን ዋጋ አለው» ብሎ ይቀራል፣ ጎረቤቱንም «አትልፋ» ይለዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ከተሰበረ መብራት ይልቅ።

ስለዚህ የሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያ አጀንዳ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይሁን። አንድ ሰው ተነስቶ ጮክ ብሎ ያንብበው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው መብራት ተጠገነ? ቁጥቋጦው ተቆረጠ? አልተሠራ ከሆነም ምክንያቱና አዲሱ ቀን ከሥሩ ይጻፍ፣ የሚሠራውም ሰው ስም አብሮ።